ውሃ ማግኘትና የሚጠጣ ውሃ ማግኘት፦ በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ለሚጓዝ ሰው

በከተሞቻችን የእግር ጉዞ ቡድኖች እየተለመዱ ሲመጡ፣ ከድሬዳዋና ከሐረር ተነሥቶ ወደ ደንገጎ ዳገት፣ ወደ ቆንዱዶ ተራራ፣ ወደ ለጋ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎች ወይም ወደ ባቢሌ መሄድም የቅዳሜና እሑድ ልማድ ወደ መሆን ተቃርቧል። ከጉዞው ጎን ለጎን፣ ሰው በበረሃ ብቻውን ቢቀር ውሃ አግኝቶ እንዴት ሊተርፍ እንደሚችል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በቲክቶክና በዩቲዩብ ይዘዋወራሉ። አንዱ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ቆፍሩ ይላል፤ ሌላው ቁልቋል ቆርጣችሁ ጭማቂውን ጠጡ ይላል፤ ሌላው ደግሞ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጠጠር፣ በአሸዋና በከሰል ሞልታችሁ የደፈረሰውን ውሃ ብታሳልፉበት ንጹሕ ይሆናል ይላል። ከእነዚህ መካከል እውነት ያለው አለ፤ ለሌላ አገር እንጂ ለዚህ ምድር የማይሠራ አለ፤ ዓይን የሚያጠፋም አለ።

ስለ ውሃ ደኅንነት በሚደረገው ወሬ ውስጥ ግን ከተሳሳቱት ምክሮች የሚብስ አንድ ግርታ አለ፤ እርሱም «ይህ ውሃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉም ሰው አንድ መልስ ያለው መምሰሉ ነው። አንድ ጉድጓድ አንድ ቀን ለሚያልፍበት መንገደኛና ዕድሜ ልኩን ለሚቀዳበት ነዋሪ አንድ ዓይነት አደጋ የለውም። ይህን ልዩነት ያልያዘ ምክር አንዱን ያለ ምክንያት ያስፈራዋል፣ ሌላውን ያለ ምክንያት ያዘናጋዋል።

ምድሩ ውሃውን የት ያስቀምጣል?

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትቀመጥ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ብላ ከተራራው ግርጌ ትገኛለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ግን ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ የአየሩ ሙቀት፣ የዝናቡ መጠንና የውሃው ጠባይ ይለወጣል። ዝናቡ በብዛት የሚወርደው በደጋው ላይ ሲሆን፣ በሁለት ወቅት፣ በበልግና በክረምት፣ በድንገት ይመጣና ከፊሉ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል፤ የቀረው በጎርፍ መልክ ይወርዳል። ከሐረር በስተ ደቡብ ያሉት እንደ ኤረርና ጎበሌ ያሉ ወንዞች ወደ ዋቢ ሸበሌ ሲያዘነብሉ፣ በድሬዳዋ በኩል የሚወርዱት ደግሞ ወደ አዋሽ ተፋሰስ አቅንተው ሜዳው ላይ በአሸዋ ውስጥ ይጠፋሉ።

ስለዚህ በድሬዳዋ መሐል የሚያልፈው ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ደረቅ መስሎ መታየቱ ግን ባዶ ነው ማለት አይደለም። ጎርፉ ካለፈ በኋላ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል የገባው ውሃ ፀሐይ በቀላሉ ስለማትደርስበት፣ ላዩ ከደረቀ በኋላም ለሳምንታት፣ ጥልቅ በሆነ ቦታ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል ቆላማ ቦታዎች የሚሠሩት የአሸዋ ግድቦችም የተመሠረቱት በዚሁ ጠባይ ላይ ነው፤ በወንዙ ወርድ የሚሠራ የግንብ አጥር ጎርፉ ያመጣውን አሸዋ ይይዛል፣ አሸዋው ደግሞ ውሃውን። በተፈጥሮም ወንዙን አቋርጦ የሚያልፍ የአለት ደፍ ባለበት፣ ከደፉ በላይ ያለው አሸዋ ውሃ ያቁራል። በወንዙ መታጠፊያ ከውጭኛው ዳርቻ ሥርም እርጥበት ይዘገያል። የቆላው አርብቶ አደር የሚቆፍረው በእነዚህ ቦታዎች ነው። ለከብቱ አንድ፣ ለሰው ሌላ ጉድጓድ ይለያል፤ የሰውን በእሾህ ያጥራል፤ መጀመሪያ የሚወጣውን ደፍራሽ ውሃ ደጋግሞ ጨልፎ ይደፋና ጥርት ብሎ እስኪመነጭ ይጠብቃል። በቪዲዮዎቹ ላይ የማይታየው ይህ የመጨረሻው ትዕግሥት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መታከል አለበት። አንደኛው ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት በድሬዳዋ ላይ የወረደው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ሰዎች በተኙበት ነበር፤ የጎርፉ ኃይል የተሰበሰበው ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራማ ስፍራ ነው። ሰማዩ ከራስ በላይ ጥርት ብሎ ሳለ ከደጋው የተነሣ ደራሽ ሊመጣ ስለሚችል፣ በአሸዋ ወንዝ ውስጥ ቆፍሮ ውሃ መቅዳት እንጂ ድንኳን መትከል ፈጽሞ የሚመከር አይደለም። ሁለተኛው በባቢሌ በኩል ለሚሄድ ሰው ነው፦ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች በአሸዋ ውስጥ ውሃ የሚፈልገው ሰው ብቻ ሳይሆን ዝሆንም ነው። በዚያ አካባቢ አስጎብኚ ሳይዙ ወደ ውሃ ዳር መውረድ ከጀርም ሁሉ የቀረበ አደጋ አለው።

ከሌላ አገር የተዋሱ ምክሮች

ከቁልቋል ውሃ ይጠጣል የሚለው ምክር የመነጨው ከሰሜንና ደቡብ አሜሪካ በረሃዎች ነው። በዚያም ቢሆን ሐኪሞችና የበረሃ መመሪያ አዘጋጆች አይደግፉትም፤ የአብዛኞቹ ዝርያዎች ጭማቂ ያቅለሸልሻል፣ ሲያስመልስ ደግሞ ሰውነት ያለውን ውሃ ያጣል። በእኛ ምድር ነገሩ ይከፋል። በድሬዳዋ ዳገቶች ላይ እንደ መቅረዝ ቅርንጫፉን ዘርግቶ የሚታየው ረጅሙ ቁልቋል ከአሜሪካው ተክል ጋር ዝምድና የለውም፤ ሲቆረጥ የሚያወጣው ነጭ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል። በሐረርጌ ቲን የሚባለው የበለስ ፍሬ ግን ሌላ ነው፤ እሾሁ ከተራገፈ ይበላል፣ መጠነኛ ውሃም ይሰጣል። ያም ቢሆን ጥማትን ለአፍታ ያስታግሣል እንጂ የአንድን ሰው የቀን ፍላጎት አይሞላም።

ጉድጓድ ቆፍሮ በላዩ ላይ ላስቲክ በመዘርጋት በፀሐይ ሙቀት የሚተነውን እርጥበት መሰብሰብም በብዛት ይመከራል። ሳይንሱ ትክክል ነው፤ ሒሳቡ ግን አያዋጣም። እንዲህ ያለ ጉድጓድ በደኅና ቀን ከሊትር በታች ውሃ ሲሰጥ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ጉድጓዱን የሚቆፍር ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ አንድ ሊትር ላብ ሊያፈስ ይችላል።

እንስሳትን ተከትሎ ውሃ መፈለግ ከእነዚህ የተሻለ ምክር ነው። ርግቦችና ሌሎች ጥሬ የሚለቅሙ ወፎች በየቀኑ ውሃ ስለሚጠጡ የጠዋትና የማታ በረራቸው አቅጣጫ ያመለክታል። በዚህ አካባቢ በገደል ላይ የሚያድሩት የበረሃ ዝንጀሮዎችም ከውሃ ብዙ አይርቁም። ምክሩ የሚሳሳተው «እንስሳ የጠጣው ለሰው ይሆናል» ሲል ነው። እንስሳው ጠጥቶ የሚተወው ዐይነ ምድሩን ጭምር ነውና፣ የእንስሳ ኮቴ የበዛበት ውሃ መኖሩን እንጂ ንጽሕናውን አይመሰክርም።

ለመንገደኛው ጀርም፣ ለነዋሪው ኬሚካል

የውሃ ብክለት በሁለት ትልልቅ ወገኖች ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ተሕዋሲያን ናቸው፤ ማለትም በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶችና እንደ ጃርዲያ ያሉ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነፍሳት። አንድ ጉንጭ ብቻ ቢጠጣ እንኳ ሊያሳምሙ ይችላሉ፤ ሕመማቸውም ከሰዓታት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ ይገለጣል። ሁለተኛው በውሃው ውስጥ ሟምተው የሚገኙ ኬሚካሎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጉዳታቸው የሚታየው ለወራትና ለዓመታት ሲጠጡ ነው።

የድሬዳዋ ውሃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የከተማዋ ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው እንደ ሳቢያን ካሉ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ሲሆን፣ ድንጋዩ ኖራማ በመሆኑ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት፣ ከባድ ውሃ የሚባለው ዓይነት ነው። በበራዱ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትና እንደ ልብ አረፋ የማያወጣው ሳሙና ከዚያ የመጡ ናቸው። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንኑ ነጭ ቅርፊት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለውሃ ክብደት በጤና ላይ የተመሠረተ ገደብ አላስቀመጠም። በአንጻሩ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የሌለው ናይትሬት እምብዛም አይወራለትም። ናይትሬት ከመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከከብት ፍግና ከማዳበሪያ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚሰርግ ውሕድ ነው፤ በከተማዋ ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች መጠኑ ከፍ ያለባቸውን አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያ ሲያልፍ በዋናነት የሚያሰጋው በዱቄት ወተት የሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናትን ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ ጉድጓዶችና ፍል ውሃዎች የሚበዛው ፍሎራይድም እንዲሁ ነው፤ ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ለዓመታት ሲጠጣ ጥርስን ያበላሻል፣ ሲብስ አጥንትን።

እዚህ ላይ የማፍላት ልማዳችን ይፈተናል። ውሃን ማፍላት ተሕዋሲያንን ይገድላል፤ ናይትሬትንም ፍሎራይድንም ግን አያስወግድም። ውሃው እየተነነ ሲያንስ በቀረው ውስጥ የኬሚካሉ መጠን ይልቁንም ይጨምራል። በጫት ማሳ ላይ ተረጭቶ በዝናብ ታጥቦ ወደ ምንጭ የሚወርደውን ፀረ ተባይ ለማስወገድም ማፍላት መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ ከአወዳይና ከሐረማያ ማሳዎች ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ዘወትር ለሚቀዳው ቤተሰብ የላቦራቶሪ ጉዳይ ነው፤ ለአንድ ቀን ተጓዥ ግን ስጋቱ በዋናነት ጀርሙ ስለሆነ በሚገባ ካፈላው ሊጠጣው ይችላል። ማሳው ገና በተረጨ ሰሞን ወይም ሽታው እንግዳ ከሆነ ደግሞ ማለፉ ይሻላል።

ውሃን ማከም፦ ምን ምንን ይገድላል?

ለተሕዋሲያን ከሁሉ አስተማማኙ ማፍላት ነው። በሕዝብ ዘንድ «ሃያ ደቂቃ ካልፈላ አይሆንም» የሚል እምነት አለ። እምነቱ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም፤ ማገዶ ይፈጃል፣ ማገዶው ሲያጥር ደግሞ ሰው ጨርሶ ማፍላቱን ይተወዋል። እውነታው ውሃው እየተንተከተከ ለአንድ ደቂቃ መቆየቱ በቂ ነው፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ለሦስት ደቂቃ ይመከራል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ነው፦ በድሬዳዋ በ96 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ በሐረር በ94፣ ከ3,300 ሜትር በሚያልፈው በጋራ ሙለታ ተራራ ጫፍ ደግሞ በ89 አካባቢ። በሽታ አምጪዎቹ ከ70 ዲግሪ በላይ በፍጥነት ስለሚሞቱ በሦስቱም ቦታ የፈላ ውሃ ይሠራል።

ክሎሪን ቀላልና ርካሽ ነው። በአገራችን ውሃ አጋር በሚል ስም የሚሸጠው ፈሳሽ፣ አኳታብ የተባለው እንክብልና ደፍራሽ ውሃን አዝቅጦ ጭምር የሚያክመው ቢሻን ጋሪ የታወቁ ናቸው። መጠኑን በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ጨምሮ ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ጨምሮ ወዲያው መጠጣት የተለመደ ስሕተት ነው። ውሃው ደፍራሽ ከሆነ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋልና አስቀድሞ ማጥራት ይገባል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ነፍስ በተለመደው የክሎሪን መጠን አለመሞቱም መታወቅ አለበት፤ የከብት ፍግ ለገባበት ውሃ ማፍላት የሚመረጠው ስለዚህ ነው። በጓዳ ያለውን በረኪና መጠቀም ይቻላል የሚሉ መመሪያዎች አሉ፤ እነርሱ የሚናገሩት ግን መጠኑ ስለታወቀና ሽቶ ስላልገባበት በረኪና ነው። በየገበያው በላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠው ጥንካሬው ስለማይታወቅ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ለድሬዳዋ የሚስማማው ሌላው ዘዴ ፀሐይ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳዩትና በኋላ በስዊዘርላንድ የዳበረው ይህ ዘዴ የሚፈልገው ከሁለት ሊትር ያልበለጠ፣ ቀለም የሌለው የላስቲክ ውሃ መያዣና ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ነው፤ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን። ውሃው መጥራቱን ለማወቅ የተሞላውን ጠርሙስ በጋዜጣ ላይ አቁሞ ከላይ ወደ ታች ሲመለከቱ ፊደሉ መነበብ አለበት። ስለ ውጤቱ ክርክር አለ፦ በላቦራቶሪ ተሕዋሲያንን መግደሉ አያጠያይቅም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከቦሊቪያ የወጣ ጥናት ግን በመንደር ደረጃ የተቅማጥ በሽታ በግልጽ ሲቀንስ አላገኘም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ሰዎች ዘዴውን በየቀኑ አለመተግበራቸው እንደሆነ ይገመታል። ለሁለት ቀን ተጓዥ ይህ ችግር አይገጥመውም፤ ጠርሙሱን ረፋድ ላይ አለት ላይ ማስተኛት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

የጠጠር፣ የአሸዋና የከሰል ጠርሙስ ነገር መብራራት አለበት፤ ቪዲዮዎቹ በብዛት የሚያታልሉት በዚህ ነው። ደፍራሽ ውሃ ከላይ ገብቶ ጥርት ብሎ ከታች ሲወጣ ሲታይ የተጣራ ይመስላል። የቀረው ግን ጭቃው ነው፤ ባክቴሪያና ቫይረስ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል እንደ ልብ ያልፋሉ። በቤት ደረጃ የሚሠራው የአሸዋ ማጣሪያ ጀርም የሚቀንሰው በላዩ ላይ ሕይወት ያለው ስስ ሽፋን ስለሚያበቅል ነው፤ ለዚያም ሳምንታት ይፈጃል። የምድጃ ከሰልም አክቲቬትድ ካርቦን ከሚባለው፣ ለማጣሪያነት በልዩ ሁኔታ ከተዘጋጀው ከሰል ጋር አይተካከልም። በሱቅ የሚገዙት የጉዞ ማጣሪያዎች ቀዳዳቸው ከ0.1 እስከ 0.2 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ ስለሚሆን ባክቴሪያን ይይዛሉ፤ ቫይረስን ግን አብዛኞቹ አይዙም።

ከሁሉ ቀላሉን ዘዴ ቪዲዮዎቹ አያነሡትም፤ ጨርቅ ነው። የታጠፈ ነጠላ አልቅትን ያስቀራል፤ በምንጭ ውሃ የሚጠጣ ሁሉ አልቅት በጉሮሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የባንግላዴሽ ጥናት እንዳሳየው፣ አሮጌ ሳሪ በአራትና ከዚያ በላይ አጥፈው ውሃቸውን ያጠለሉ መንደሮች የኮሌራ ሕመም በግማሽ ገደማ ቀንሶላቸዋል፤ የኮሌራ ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ በጨርቅ በሚቀሩ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ነው። ኮሌራ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በባሌ ተነሥቶ ወደ ብዙ ክልሎች በተዛመተበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ማጥለል የሚቀድመው ማፍላትን ወይም ክሎሪንን ነው እንጂ አይተካቸውም።

ውሃው ያጠራጥራል፣ ጥሙ ግን በርትቷል

በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት አቋሞች ይሰማሉ። አንደኛው ያልታከመ ውሃ በምንም ሁኔታ አይጠጣ፣ ተቅማጥ ከያዘ ያለው ውሃ ሁሉ ያልቃል ይላል። ሁለተኛው ሰው በጥም ከሚሞት ታሞ መታከም ይቻላል ይላል። የበረሃ ሕክምና ባለሙያዎች በአብዛኛው ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ፤ የጊዜው ሒሳብ ስለሚያመዝን ነው። በከባድ ሙቀት የሚራመድ ሰው ያለ ውሃ በአንድ ቀን ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ የታይፎይድና የጃርዲያ ሕመም ግን ለመታየት በአብዛኛው ከአንድ ሳምንት በላይ ይፈልጋል። ኮሌራ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ በሰዓታት፤ እርሱም ቢሆን ከታከመ የሚድን በሽታ ነው። የመጀመሪያው አቋም ትክክል የሚሆነው መንደር ወይም መኪና መንገድ በጥቂት ሰዓታት ርቀት ላይ ሲኖር ነው፤ በቅዳሜና እሑድ ጉዞዎቻችን ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አለ።

ጨዋማ ውሃ ከዚህ ክርክር ውጭ ነው። ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ ጨው ያለው የጅቡቲው አሳል ሐይቅ በሚገኝበት ምድር፣ ከሐረርጌና ከሌሎች አካባቢዎች ተነሥተው ወደ ባሕሩ በእግር የሚያቋርጡ ስደተኞች በጥም የሚሞቱት ውሃ አጠገባቸው እያለም ጭምር ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ኩላሊት ጨውን ለማስወጣት ከገባው የበለጠ ውሃ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ሽንት መጠጣትም በዚሁ ምክንያት አይረዳም።

ያለውን ውሃ ቆጥቦ በጠብታ መጠጣትም የተለመደ ምክር ነው። ውሃው በጠርሙስ ውስጥ እያለ ሰው ተዝለፍልፎ የተገኘባቸው አጋጣሚዎች ስላሉ፣ መቆጠብ ያለበት እንቅስቃሴ ነው፤ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲመሽ ወይም ማለዳ መራመድ። ለረጅም ሰዓት ላብ ያፈሰሰ ሰው ደግሞ ብዙ ንጹሕ ውሃ ብቻ ቢጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይሳሳል፣ ራስ ምታትና ግራ መጋባት ይከተላል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለውን የኦአርኤስ ከረጢት መያዝ፣ ካልተገኘም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም በልክ የተስተካከለ፣ በጥብጦ መጠጣት ይረዳል። ስኳሩ የበዛ እንደሆነ ተቅማጡን ያባብሳል፤ ጨው ማብዛት ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው።

ውሃው የማን ነው?

የውጭ ቪዲዮዎች በረሃውን ሰው የሌለበት አድርገው ያሳያሉ። በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ እንዲህ ያለ በረሃ የለም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ የአሸዋ ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ ኤላ (ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ)፣ በሶማሌ መንደሮች ያለው እያንዳንዱ በግንብ የተሠራ ቢርካ (የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ) የቆፈረው፣ የሚጠርገውና የሚያዝበት ሰው አለ። ተጓዥ በዚህ ምድር የሚተርፈው በአካፋ ሳይሆን በመጠየቅ ነው፤ ሰላምታ ሰጥቶ የመንደሩን ሽማግሌ መጠየቅ የትኛው ጉድጓድ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ለከብት እንደተተወ፣ የትኛው በዚህ ሰሞን እንደደረቀ ከማንኛውም መሣሪያ በተሻለ ያሳውቃል። ሳያስፈቅዱ መቅዳት፣ ይልቁንም በሰው ጉድጓድ ዳር እግርን በሳሙና መታጠብ፣ በበጋ ወራት ጠብ የሚያስነሣ ጉዳይ ነው።

የአካባቢው ሰው ዕውቀትም ወሰን አለው። ጣዕሙን፣ መድረቂያውንና መሙያውን ያውቃል፤ ናይትሬቱን ወይም ጀርሙን በዓይን ሊያይ አይችልም። የውሃውን ሁኔታ የሚለውጠው ደግሞ ወቅቱ ነው። ሐረርን ለአሠርት ዓመታት ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ደርቆ፣ ከተማዋ ውሃዋን ከድሬዳዋ አቅራቢያ ካለው ድሬ ጃራ ሽቅብ ለማስመጣት ተገዳለች፤ ሐይቁ ከዓመታት በኋላ እንደገና ውሃ መያዝ ጀምሯል። በትንንሾቹ ምንጮችም ላይ ተመሳሳይ መዋዠቅ ይደርሳል፣ የሚመዘግበው ግን የለም።

የጉዞ ቡድኖች ሊሞሉት የሚችሉት ክፍተት ይህ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስትሪፕ በሚባለው ርካሽ መመርመሪያ ውሃውን በትንሽ ጠርሙስ ይዞ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በሞቃት ቦታ ማቆየት ይቻላል፤ በውስጡ የዐይነ ምድር ብክለት ካለ ወረቀቱ ይጠቁራል። ውጤቱ ከነቀኑና ከነቦታው ተጽፎ ለመንደሩና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቢሰጥ፣ ለቀጣዩ ተጓዥ ብቻ ሳይሆን ለነዋሪውም ይጠቅማል። መመርመሪያው ግን ስለ ኬሚካል ምንም አይናገርም፤ የመጀመሪያው የበልግ ጎርፍ የሜዳውን ፍግ ጠርጎ ወደ ጉድጓዱ ካስገባ በኋላም በየካቲት የተመዘገበው ንጹሕ ውጤት አይሠራም፣ ምርመራው እንደገና መደረግ አለበት።